የበረዶ ሥዕል በነጭ ቀለም አይሠራም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በጥበብ ገጻችሁ ላይ በረዶ የለበሰ የከተማ ጎዳና የሚያሳይ የዘይት ቀለም ሥዕል አትማችሁ፣ ከሥሩም ስለ አሣሣሉ ማብራሪያ ሰጥታችኋል። ምርጫችሁ ግሩም ነው። ማብራሪያው ግን ሥዕሉን «ኢምፕሬሽኒስት» (የአፍታውን ብርሃን ለመያዝ የሚሽቀዳደም የአሣሣል ስልት) ይለዋል፤ ጀማሪ ሠዓሊ በረዶ ለመሳል «ነጩን ሳይሰስት ይጠቀም» ብሎ ይመክራል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቢጫ የሆነ አሮጌ ሥዕል በሽንኩርት ቁራጭ ቢታሽ ነጭነቱ ይመለሳል ይላል። ስም ቢሳሳት ማረም ቀላል ነው። ምክሩን አምኖ ሸራውን የሚያበላሽ፣ ከዚያም አልፎ ከወላጆቹ የወረሰውን ሥዕል በሽንኩርት የሚያሽ አንባቢ ግን ይኖራልና ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

ያተማችሁት ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ሲኛክ በ1886 የፓሪሱን የክሊሺ ቡልቫር በረዶ እንደለበሰ የሳለውን ሥዕል ነው (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ የሥነ ጥበብ ተቋም ይገኛል። ሲኛክ ያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከሠዓሊው ዦርዥ ሰራ ጋር ከተዋወቀ ብዙም አልቆየ፤ ቀለምን ፓሌት (የቀለም መቀየጫ ሰሌዳ) ላይ አዋሕዶ ከመቀባት ይልቅ በትናንሽ የብሩሽ ምቶች ጎን ለጎን የማስቀመጡን ዘዴ እየተለማመደ ነው። በዚያው ዓመት ኢምፕሬሽኒስቶቹ ስምንተኛውንና የመጨረሻውን የጋራ ትርዒታቸውን አደረጉ፤ ሰራ ትልቁን የላ ግራንድ ዣት ሥዕሉን ያሳየውም እዚያ ነው። ሃያሲው ፌሊክስ ፌኔዎን ለእነዚህ ወጣቶች «ኒዮ-ኢምፕሬሽኒስት» (አዲስ ኢምፕሬሽኒስት) የሚል ስም አወጣላቸው። ሠዓሊዎቹን ቫን ጎግን፣ ጎጋንን፣ ሴዛንንና ሰራን በአንድነት የሚሰበስበው «ድኅረ-ኢምፕሬሽኒዝም» የሚለው ሰፊ ስም ግን የመጣው ከ24 ዓመት በኋላ፣ እንግሊዛዊው ሮጀር ፍራይ በ1910 ለንደን በሚገኘው ግራፍተን ጋለሪ ትርዒት ሲያዘጋጅ ነው። ያኔ አራቱም በሕይወት የሉም።

ዓመት ብቻውን ግን አይፈርድም። ካሚል ፒሳሮ በ1902 ሉቭርን በበረዶ ሥር ስሎታል፤ ሥዕሉ ለንደን ውስጥ በናሽናል ጋለሪ ይገኛል። ከሲኛክ ሥዕል በ16 ዓመት የኋላ ቢሆንም የሠራው እጅ የኢምፕሬሽኒስት እጅ ነው፤ ፒሳሮ ይህን የነ ሲኛክን የነጥብ ዘዴ ለጥቂት ዓመታት ሞክሮ ትቶታልና። ክሎድ ሞኔ በ1874 እና 1875 መካከል ባለው የብርድ ወራት ፓሪስ አጠገብ ባለችው አርዦንተይ 18 ያህል የበረዶ ሥዕሎች ሠርቷል፤ ጉስታቭ ካዬቦትም በ1878 የፓሪስን ጣሪያዎች በበረዶ ስሏል። እነዚህ በዚያች ሰዓት የነበረውን ብርሃን ሳያመልጣቸው ለመያዝ የተሽቀዳደሙ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ በኋላ የመጡት ብርሃኑን አልጣሉትም፤ ሥርዓት አበጁለት። ሲኛክ ምቶቹን ይለካል። ጎጋን የነገሮችን ዙሪያ በሰማያዊ መስመር ይከባል። ሴዛን አንድ አቅጣጫ የያዙ ምቶችን እንደ ግንብ ይደረድራል። ቫን ጎግ በ1888 ፌብሩዋሪ 20 በደቡብ ፈረንሳይ ወዳለችው አርል ሲደርስ አገሩ በረዶ ለብሶ ነበር፤ ከተማዋን ከሩቅ ከበረዶው ሜዳ ማዶ ሳላት፣ ለወንድሙ ለቴዎም ቦታው የጃፓኖችን የበረዶ ሥዕሎች እንደሚያስታውሰው ጻፈለት። በእሱ ሥዕል ብሩሹ እየቀባም እየነደፈም ነው የሚሄደው። አንድን ሥዕል ከየት እንደምንመድበው የሚነግረን ይህ የእጅ ጠባይ ነው።

አሁን ወደ በረዶው እንምጣ። በአማርኛ በረዶ ስንል እንደ ጠጠር ጣሪያ የሚደበድበውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም፣ እንደ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርደውንም ነው። ሠዓሊውን እዚህ የሚመለከተው የመጨረሻው ነው። ይህ በረዶ ጥቃቅን ክሪስታሎችና በመካከላቸው የታሰረ አየር ስለሆነ የመጣበትን ብርሃን ቀለም ሳይመርጥ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል፤ አዲስ የወረደ በረዶ ካረፈበት ብርሃን ከ80 በመቶ በላዩን ይመልሳል። ስለዚህ ዓይን የሚያየው የበረዶውን ሳይሆን የጎረቤቱን ቀለም ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል ጥላው ሰማያዊ ይሆናል፤ ፀሐይ በተጋረደበት ቦታ የሚደርሰው የሰማዩ ብርሃን ብቻ ነውና። ፀሐይ ያረፈበት ወደ ክሬም ያደላል፤ ስትጠልቅ ደግሞ ወደ ብርቱካንና ወደ ሮዝ ይሄዳል። ሰማዩ ሲደምን የጥላ ጠርዝ ይጠፋል፤ የሚቀረው በጉብታና በጎድጓዳ መካከል ያለው ቀጭን ልዩነት ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ ግድግዳ አለ። ቢጫ ግድግዳ ሥር ያለ በረዶ ቢጫ ይቀበላል፤ የመንገድ መብራት በዙሪያው ሞቃት ክብ ያነጥፋል፤ መንኮራኩር የረገጠው ከጭቃና ከውሃ ተደባልቆ ወደ ሐምራዊ ቡኒ ይለወጣል። የከተማ በረዶ ከባዶ ሜዳ በረዶ ይልቅ ለሠዓሊ የሚጥመው በዚህ ነው ብለን እናምናለን።

«ነጩን ሳይሰስት» የሚለው ምክር የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው። ከቱቦ የወጣ ንጹሕ ነጭ ሠዓሊው ያለው የመጨረሻው ብርሃን ነው፤ ከእሱ በላይ መውጫ የለም። መንገዱንም ጣሪያውንም በእሱ ከሸፈነ ፀሐይ የነካችውን አንዲት ጠርዝ የሚያሳይበት አይቀረውም፤ በረዶው ኖራ ይመስላል። ብርሃኑን ከነጭ እስከ ጥቁር በአሥር ደረጃ ከፍሎ መሥራት ይረዳል። 1 ነጩ፣ 10 ጥቁሩ ይሁን። አብዛኛው በረዶ 2 እና 3 ላይ፣ ጥላው 4 እና 5 ላይ፣ የቤቶቹ ግድግዳ 5 እና 6 ላይ፣ ሰዎች፣ ሰረገላዎችና የዛፍ ግንዶች 8 አካባቢ ይዋሉ። 1 ቁጥር ከሸራው ሁለት ወይም ሦስት በመቶ ለማይሞላ ቦታ፣ ያውም በመጨረሻው ቀን፣ ይቀመጥ። ሰማዩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደመና በሸፈነው ቀን ሰማዩ አናት ላይ ብሩህ ሆኖ ወደ አድማስ ሲወርድ ስለሚጨልም፣ ከጣሪያዎቹ በላይ የሚታየው ክፍል ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ካለው በረዶ ይጨልማል። ሰማዩን ነጭ አድርጎ የጀመረ ሰው በረዶውን የሚያበራበት ያጣል።

ለቅይጡ መነሻ የሚሆን ልኬት እንስጥ። ታይታኒየም ነጭ ለሚጠቀም ሰው፣ ለደመናማ ቀን በረዶ 20 እጅ ነጭ፣ 1 እጅ ከአልትራማሪን (ጥልቅ ሰማያዊ) እና ከበርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡኒ) የተዘጋጀ ግራጫ፣ ግማሽ እጅ የሎ ኦከር (የአፈር ቢጫ)። ፀሐይ ላረፈበት 30 እጅ ነጭ፣ 1 እጅ የሎ ኦከር፣ በብሩሽ ጫፍ የሚነካ ቀይ። ለሰማያዊ ጥላ 8 እጅ ነጭ፣ 1 እጅ አልትራማሪን፣ ሩብ እጅ ኩዊናክሪዶን ሮዝ፤ ቅይጡ ከጮኸ በጥቂት በርንት ሲዬና ይረግባል። ሁልጊዜ ነጩ አስቀድሞ ፓሌት ላይ ይቀመጥና ቀለሙ በቢላዋ ጫፍ በጥቂት በጥቂቱ ወደ እሱ ይምጣ። ሰማያዊውን አስቀድሞ በነጭ ላንጣው ያለ ሰው የሚፈልገው ደረጃ ላይ ሳይደርስ ቱቦውን ይጨርሳል። የአንዱ አምራች ቀለም ከሌላው ጉልበቱ ስለሚለያይ ቅይጡን ቁራጭ ሸራ ላይ ቀብቶ ማየት ያሻል። የጥላውን ግራጫ ከጥቁርና ከነጭ ብቻ የሠራ ደግሞ በረዶ ሳይሆን ሲሚንቶ ያገኛል።

ከጥላ ጋር የተያያዘ ሌላ ስህተት አለ፤ ጥላ ሰማያዊ ነው ሲባል የሰማ ጀማሪ ከሚገባው በላይ ሰማያዊ ያደርገዋል። ኬሚስቱ ሚሼል ኦዤን ሼቭሮል በ1839 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለሞች አንዱ ሌላውን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። ግራጫ ጥላ ከክሬም በረዶ አጠገብ ሲውል ዓይን ራሱ ሰማያዊ ይጨምርበታል። ሠዓሊው ግማሹን መንገድ ከሄደ ቀሪውን ዓይን ይሄድለታል። ስለዚህ ጥላውን ለብቻው ሳይሆን ጎረቤቱ ከተቀባ በኋላ መመዘን ነው።

የነ ሲኛክ ዘዴ ለበረዶ ለምን እንደሚስማማ በዚሁ ይገባል። ከሩቅ ሲታይ ዓይን ውስጥ የሚዋሐደው ቀለም ይበልጥ ይደምቃል የሚለው ተስፋቸው ሁልጊዜ አልሠመረም። ተቃራኒ ቀለሞች በጥቃቅን ነጥብ ሲደባለቁ ከሩቅ የሚሰጡት ግራጫ ነውና ሣርና ልብስ ላይ የተጠበቀው ድምቀት ብዙ ጊዜ ቀርቷል። በረዶ የሚፈልገው ግን ይህንኑ የሚንቀለቀል ግራጫ ነው። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ሮዝና ክሬም በአንድ የብርሃን ደረጃ ላይ ሆነው ጎን ለጎን ሲውሉ ከሦስት ሜትር ርቀት አንድ ወጥ በረዶ ይሆናሉ፤ ሲቀረቡ ግን ሕይወት አላቸው። ቁልፉ «በአንድ የብርሃን ደረጃ» የሚለው ነው። አንዱ ምት ከጎረቤቱ በጣም ከጨለመ በረዶው ላይ የተበተነ ቆሻሻ ይመስላል። ለማረጋገጥ ሥዕሉን በስልክ ያለ ቀለም፣ በጥቁርና ነጭ ማንሳት ይበቃል፤ በፎቶው ላይ ምቶቹ ተለያይተው ጎልተው ከታዩ ደረጃቸው አልተስተካከለም ማለት ነው።

ለአሠራሩ 50 በ65 ሳንቲ ሜትር ያህል ሸራ ይመቻል። ነጭ ሸራ ላይ በረዶ መጀመር ዓይንን ያታልላል፤ የተቀባው ሁሉ ጨለማ መስሎ ስለሚታይ እጅ ሳያስበው ወደ ነጩ ይሮጣል። አስቀድሞ የሎ ኦከርንና ጥቂት ቀይን በተርፐንታይን አቅጥኖ መቀባት፣ በጨርቅ ጠርጎ ፈዛዛ የሸክላ ቀለም ማስቀረትና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መተው ነው። በኋላ በምቶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ይህን ሙቀት ያሳያል፤ ቀዝቃዛው በረዶም በእሱ ላይ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ንድፉን በቀጠነ አልትራማሪን መሥራት ይሻላል፤ የእርሳስ ወይም የከሰል መስመር ከነጭ ጋር ተቀላቅሎ ያቆሽሻል፣ ሰማያዊ መስመር ግን ቢታይም ሥዕሉን አይጎዳም። ከዚያ ጨለማዎቹ ይቀድማሉ፦ ግድግዳ፣ መስኮት፣ ግንድ፣ ሰው። በረዶ ከላይ የሚያርፍ ነገር ስለሆነ በሥዕልም ከላይ ይምጣ። ቅርንጫፉ አስቀድሞ ሙሉውን ይሳል፤ በረዶው በኋላ ሽቅብ በሚያየው ጎኑ ላይ ብቻ ይጫንበት። ጣሪያ ላይ በጭስ ማውጫው ዙሪያ በረዶው ቀድሞ ስለሚቀልጥ እዚያ ጠቆር ያለ ቦታ መተው ቤቱ ሰው እንዳለበት ይናገራል።

ምቱ የወለሉን አቅጣጫ ይከተል፤ መንገድ ላይ አግድም፣ ጣሪያ ላይ ቁልቁለቱን ይዞ። ከፊት ያለው ምት ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጠፍጣፋ ብሩሽ፣ ከኋላ ያለው በ4 ሚሊ ሜትር ይሠራ። የመንኮራኩር መስመር ወደ ጎዳናው መጨረሻ እየተጠጋጋ ሲሄድ ቀለሙም እየፈዘዘ መሄድ አለበት፤ እስከ መጨረሻው በአንድ ጥቁረት ከተሰመረ መንገዱ ተነሥቶ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ብሩሹ አንዴ ያሳርፍና ይነሣ። እርጥብ ቀለም ላይ ሁለቴ ሦስቴ የተመላለሰ ብሩሽ ሮዙንና ሰማያዊውን አንድ ላይ ያጨቀያል። ለሞቃት ቀለሞች አንድ፣ ለቀዝቃዛዎቹ ሌላ ብሩሽ ይዞ፣ በየሦስት አራት ምቱ በጨርቅ መጥረግ ይህን ይከለክላል። የሰው እግር በረዶው ውስጥ ስለሚሰጥም ጫማ አይሣል፤ ጫማው የታየ ሰው በረዶው ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

እየወረደ ያለ በረዶ ለመጨመር የሚፈልጉ አሉ። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ሸራውን በሙሉ በእኩል ነጭ ነጥብ መርጨት የተለመደው ጥፋት ነው። እየወረደ ያለ በረዶ ከጨለማ ግድግዳ ፊት ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከብሩህ ሰማይ ፊት ግን ብርሃኑን ስለሚጋርድ ግራጫ፣ እንዲያውም ጠቆር ያለ ነው። ቀና ብሎ የሚወርደውን በረዶ ወደ ሰማይ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሰማዩ ላይ ያሉት ከሰማዩ ጥቂት የጨለሙ፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ከግድግዳው የነጡ ይሁኑ፤ ከፊት ትልልቅና ጥቂት፣ ከኋላ ትናንሽና ብዙ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሩቁን ቤት ጠርዝ ማለዘብ ብቻውን በረዶ እየወረደ መሆኑን ይነግራል።

የነጩ ዓይነት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ማብራሪያችሁ ሁሉንም ነጭ አንድ አድርጎታል። በነ ሲኛክ ዘመን የነበሩት የእርሳስ ነጭ (ከእርሳስ ብረት የሚሠራው) እና የዚንክ ነጭ ናቸው። ታይታኒየም ነጭ ወደ ሠዓሊዎች እጅ የገባው በ1920 አካባቢ ነው። የእርሳስ ነጭ ሞቅ ያለ፣ ቶሎ የሚደርቅና ሳይሰበር የሚታጠፍ ነው፤ መርዛማ ስለሆነ ግን የደረቀውን መፋቅም ሆነ ዱቄቱን መንካት አይገባም። ዚንክ ቀዝቃዛና ሳሳ ያለ ነው፤ ለበረዶ የተፈጠረ ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ዚንኩ ከዘይቱ ውስጥ ካሉ ፋቲ አሲዶች ጋር ተዋሕዶ የዚንክ ሳሙና ይሠራል፤ ቅቡ እንደ ብስኩት ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ከላዩ ያለው ቀለምም ከሥሩ ይላቀቃል። ታይታኒየም ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ ሌላውን ቀለም የመዋጥ ጉልበት አለው። በእርሳስ ነጭ ዘመን የተጻፈ የቅይጥ ልኬት በታይታኒየም ሲሠራ ኖራ የሚመስለው ለዚህ ነው። «ታይታኒየም» ተብለው ከሚሸጡ ቱቦዎች ብዙዎቹ ዚንክ ስለሚጨመርባቸው ከጀርባቸው ያለውን መለያ ማንበብ ይገባል፦ ፒ ደብሊው 6 ታይታኒየም፣ ፒ ደብሊው 4 ዚንክ፣ ፒ ደብሊው 1 የእርሳስ ነጭ ነው። በተለይ ከታችኛው ንብርብር ውስጥ ዚንክ ባይገባ ይመረጣል።

ወፍራም ቅብ ለበረዶ ያምራል፤ ግን ዘይት የበዛበት ወፍራም ቀለም ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ቆዳው ይሸበሸባል። ከሥር ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ ዘይቱ የበዛ መሆን አለበት፤ ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ከላይ ያለው ቀድሞ ደርቆ ሥሩ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ውፍረት የሚፈለገው ብርሃኑ ባረፈበት ብቻ ነው፤ ጥላ ሳስቶ ይቀመጥ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞሪስ ዩትሪሎ «ነጭ ዘመን» በሚባለው፣ ከ1909 እስከ 1914 ገደማ በዘለቀው ጊዜ የሞንማርትርን (የፓሪስ ሰፈር) ግድግዳዎች ለመሳል ነጩ ውስጥ ጀሶ ይቀላቅል ነበር። ውጤቱ እውነተኛ ልስን የመሰለ ደረቅ ግድግዳ ነው። አድናቆታችን ትልቅ ነው፤ ይሁንና ጀሶ ዘይቱን ስለሚመጥ ቅቡን ተሰባሪ ያደርገዋልና እሱን መከተል አንመክርም። ሸካራ ላዩ የሚያስፈልገው ሰው ለዘይት ቀለም የተዘጋጀ የእብነ በረድ ዱቄት በጥቂቱ ይጨምር።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ። ቢጫ የሆነ በረዶ ቢጫ የሚሆነው በብዙ ምክንያት ነው። ከላይ የተቀባው ዳማር ቫርኒሽ (ከዛፍ ሙጫ የተሠራ መከላከያ ቅብ) አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ነጩ የተፈጨበት የተልባ ዘይት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ዘይት በተለይ ጨለማ ውስጥ ይቢጫል፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በሌለበት ብሩህ ክፍል ለሳምንታት ሲቆይ ግን በከፊል ይመለሳል። ለዚህ ነበር የዚያ ዘመን ቀለም ሠሪዎች ነጩን ብዙ ጊዜ በፖፒ ዘይት የሚፈጩት፤ ያነሰ ይቢጫል፣ ቢሆንም ቀስ ብሎ የሚደርቅና የሚለሰልስ ቅብ ይሰጣል። ጢስና ትንባሆም ያቢጫል። መድኃኒቱ በየምክንያቱ ይለያያል። የሽንኩርት ጭማቂ እርጥበት፣ አሲድና ስኳር ነው። አሲዱ የዚንክንና የእርሳስን ነጭ ይበላል፤ እርጥበቱ ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከሙጫ በተሠራ የሸራ ቅብ ውስጥ ገብቶ ያሳብጠዋል፤ ስኳሩ ቀርቶ አቧራና ነፍሳት ይጠራል። ሥዕልን በድንች ወይም በዳቦ ማሸት የሚለው ምክርም ያው ነው። የኢምፕሬሽኒስቶቹና የተከታዮቻቸው ሥዕሎች ደግሞ ብዙዎቹ ቫርኒሽ አልተቀቡም። ፒሳሮ በ1880 በሠራው የሻፖንቫል መልክዓ ምድር ጀርባ ላይ ሥዕሉ ቫርኒሽ እንዳይቀባ ጽፎ ጠይቋል። እንዲህ ባለው ሥዕል ላይ የሚታሸው ነገር በቀጥታ ቀለሙን ያገኘዋል።

የጥገና ባለሙያ ከመንካቱ በፊት ያያል። በጨለማ ክፍል ውስጥ የአልትራቫዮሌት መብራት ሲበራ ያረጀ የሙጫ ቫርኒሽ አረንጓዴ ያበራል፣ የዚንክ ነጭ ሎሚ መሳይ ቢጫ ይሰጣል፣ ታይታኒየም ጠቁሮ ይቀራል። በ1886 ተሠራ በተባለ በረዶ ላይ ታይታኒየም ከተገኘ ወይ በኋላ የተነካካ ነው ወይ ሥዕሉ የተባለው አይደለም። ከዚያ በማጉያ እየታየ፣ ከክብሪት እንጨት ራስ በማይበልጥ ጥጥ፣ ጠርዝ ላይ ባለች ቦታ ይሞከራል። ቤት ውስጥ የሚፈቀደው ቀለሙ ምንም ያልተነሣ ከሆነ ብቻ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራ ማንሳት ነው። ሸራውን መጠቅለል ዚንክ ያለበትን ቅብ ይሰብራል፤ የግድ ከሆነ የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ ወፍራም ጥቅልል ላይ ይጠቅለል።

ሊጸዳ የማይችል ለውጥም አለ። የዚያ ዘመን ቀይ ሌኮችን (ከማቅለሚያ የሚዘጋጁ አሳላፊ ቀለሞች) ብርሃን ያጠፋቸዋል። ቫን ጎግ በ1888 የሳለው የመኝታ ክፍል ግድግዳ ሐምራዊ ነበር፤ ቀዩ ጠፍቶ ዛሬ ሰማያዊ ሆኗል። የላ ግራንድ ዣትም ዚንክ ቢጫ ወደ ቡኒ ጠቁሯል። እንግዲህ አንድ አሮጌ የበረዶ ሥዕል ላይ ጥላው ሰማያዊ ብቻ ሆኖ ሲታይ ሠዓሊው ሐምራዊ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ፍሬሙ የሸፈነው ጠርዝ ብርሃን ስላልነካው አንዳንዴ የመጀመሪያውን ቀለም ይዞ ይገኛል፤ አጥኚዎች መጀመሪያ የሚያዩት እዚያ ነው። ዛሬ የሚሠራ ሰው አሊዛሪን ክሪምሰን የተባለውን ቀይ ሌክ ትቶ ኩዊናክሪዶን እንዲወስድ የምንመክረውም ስለዚህ ነው።

ስለ ኅትመታችሁ አንድ ነገር እንጨምር። በገጹ ላይ የበረዶው ትልቅ ክፍል ምንም ቀለም ያልነካው ባዶ ወረቀት ሆኖ ወጥቷል። ፎቶውን «ለማሳመር» ንጽጽሩ ሲጨመር ከ1 እስከ 3 ያሉት ደረጃዎች አንድ ላይ ይቃጠላሉ፤ በበረዶ ሥዕል ላይ ደግሞ ሥዕሉ ያለው እዚያው ነው። ፎቶ ሲነሣም ካሜራው ነጭ የበዛበትን ነገር ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚያወርደው ብርሃኑን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ (የካሜራ የብርሃን መለኪያ) መጨመር፣ የነጭ ሚዛኑን በግራጫ ካርድ በእጅ መወሰን፣ መብራቶቹንም ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ማቆም ያስፈልጋል። በራስ ሰር የተወሰነ የነጭ ሚዛን ሰማያዊውን ጥላ ስህተት መስሎት ያጠፋዋል። ለኅትመት ሲዘጋጅ የበረዶው ብሩህ ክፍል ከ3 እስከ 5 በመቶ የኅትመት ቀለም ነጥብ ይያዝ፤ ባዶ ወረቀት የሚተወው ሠዓሊው ንጹሕ ነጭ ባሳረፈበት ጥቂት ቦታ ብቻ ይሁን። ሥዕሉን በዚህ መንገድ ዳግም ብታትሙት፣ ከሥሩም የሠዓሊውን ስም፣ ዓመቱን፣ «የዘይት ቀለም በሸራ ላይ» የሚለውን፣ የሸራውን መጠንና የሚገኝበትን ቤተ መዘክር ብትጽፉ፣ ቦታ ካላችሁም ከመንገዱ አንድ መዳፍ የሚያህል ክፍል ምቶቹ እንዲቆጠሩ በትልቁ ብታወጡልን እንጠይቃለን። የሽንኩርቱ ምክር ግን እስከዚያ ሳይቆይ በሚቀጥለው እትም ይታረም።

ከአክብሮት ጋር፣
ሥዕል የሚያስተምሩና ሥዕል የሚጠግኑ አንባቢዎቻችሁ